ዕቃውን ማን ይይዛል

የእኛ ቤት ሰዎች ለመዝናናት ሲነሱ ቤቱን ነቅለው ነው የሚሄዱት። እያጋነንኩ አይደለም። አንድ ዓመት ወንድሜ ቬንቲሌተር ተሸክሞ ሄዷል፤ መሰኪያ አይጠፋም ብሎ። መሰኪያ ጠፋ። ቬንቲሌተሩ ቀኑን ሙሉ መዝናኛው ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ክቡር እንግዳ ተቀምጦ ዋለ። አጠገቡ አክስቴ ተቀምጣ ዋለች።

አክስቴ ምንጊዜም ዕቃው አጠገብ ናት። በየዓመቱ ወደዚያ አሮጌ መዝናኛ ስንሄድ እኛ እንሽከረከራለን፣ እንጋጫለን፣ እንጮሃለን፤ እሷ ድስቱን፣ ፔርሙሱን፣ ጃኬቶቹንና ምንጣፉን ታቅፋ ትጠብቃለች። ሰው አሳፍሮ የሚሽከረከረው ትልቁ ጎማ ጫፍ ላይ ስንደርስ እጃችንን እናውለበልብላታለን። እሷም ከታች ፔርሙሱን ከፍ አድርጋ ታውለበልባለች። ለምን እሷ ብሎ የጠየቀ ካለ እናቴ መልስ አላት። «እትዬ ከፍታ ትፈራለች።» አለቀ።

አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሰፍታ ብቻ አታስረክብም፤ ራሷ ሄዳ ትሰቅላለች። የቢሮ፣ የሆቴል፣ የክሊኒክ መስኮት ላይ፣ መሰላል ጫፍ ወጥታ፣ ሚስማር በጥርሷ ይዛ፣ አንድ እግሯን መስኮቱ ላይ አንፈራጣ። እና ከፍታ ትፈራለች። ይህ ነገር በቤታችን ውስጥ ያን ያህል ዘመን ሲነገር «ቆይ እንጂ» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስታቲስቲክስ ተምሬያለሁ፤ ከቁጥር ላይ ውሸት ለቅሜ አወጣለሁ ተብዬ ኢንሹራንስ ውስጥ የተቀጠርኩ ሰው ነኝ።

ዘንድሮ የጉዞው ዕቅድ በእኔ እጅ ገባ። ባለፈው ዓመት ያቀደው ወንድሜ ነበር፤ መዝናኛው በሚዘጋበት ቀን ወስዶን የተቆለፈ በር ጎብኝተን ተመልሰናል። ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ፍሬቻ እንለዋለን። ሥራ ሊቀይር ነው፣ ሲጋራ ሊያቆም ነው፣ ቤቱን ሊያስቀባ ነው፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ስብሰባው የተደረገው ሳሎን ነው። ሳሎናችን የአክስቴ መስፊያ ቤት ስለሆነ ማንም ሰው የሚቀመጠው ጨርቅ ገለል አድርጎ ነው። እሷ ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና የሆነ ባንክ ያዘዘውን ግራጫ መጋረጃ ጠርዝ ትመታለች። እናቴ ሶፋው ላይ ናት። እናቴ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ናት፤ ጠመኔ እንኳን ያለ ፊርማ አትሰጥም። ፍሬቻ ከነልጁ መጥቷል። ልጁ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ክላክስ ትባላለች፤ በሹክሹክታ የምታወራው እንኳን ጎረቤት ይሰማል። እናቷ ነርስ ናት። መዝናኛ በምንሄድበት ቀን ሁሉ ተረኛ የምትሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

«ዕቅዱ ይሄ ነው» አልኩ። «በሥራ ቀን እንሄዳለን። በሥራ ቀን የቤተሰብ ኩፖን አለ፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አራት አራት ቁራጭ፣ በግማሽ ዋጋ። የሚሠራው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ምሳ ከቤት። ውሃ ከቤት። ትራንስፖርት በፍሬቻ።»

«በእኔ ማለት?» አለ ወንድሜ።

«የአውቶቡስ ሠራተኛ ቤተሰብ በነጻ ይሳፈር የለ?»

«ሚስትና ልጅ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ለአንድ ቀን እኔ ሚስትህ ነኝ። እማዬ ልጅህ ናት።»

«አፍሽን ሰብስቢ» አለች እናቴ፤ ነገር ግን አልተቃወመችም። በነጻ የሚገኝ ነገር ከሆነ እናቴ ልጁ ቀርቶ ቦርሳው ለመሆንም አታቅማማም። በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «አራት ቁራጭ፣ አራት ሰው። አንቺ፣ እሱ፣ ክላክስ፣ እኔ። ልክክ አለ።»

ስፌት መኪናው ቆመ።

«እኔም እወጣለሁ» አለች አክስቴ።

«የት?»

«ጎማው ላይ።»

«ትልቁ ጎማ ላይ?» አለ ፍሬቻ፣ ትንሽ ጎማ ያለ ይመስል።

«ትልቁ ላይ።»

እናቴ ድምጿን አለሰለሰች፤ የተኛ በሽተኛ ስትጠይቅ እንደምታደርገው። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ከፍታ ትፈሪያለሽ።»

«ማን ነገረሽ?»

እናቴ አፏን ከፈተች። ማን እንደነገራት ስታስብ፣ ስታስብ፣ ከራሷ በቀር ሰው ስታጣ ፊቷ ላይ አየሁ። አፏን ዘጋች። ከዚያ በሌላ በኩል መጣች።

«ዛሬ ምን ተገኘና ነው?»

«ምን ይገኛል? እናንተ ስትወጡ ምክንያት ተጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ይሄ ፍሬቻ፣ ሲወርድ የሚያስመልሰው ሰውዬ፣ ለምን ትወጣለህ ተብሏል?»

«አንዴ ነው ያስመለሰኝ» አለ ወንድሜ።

«አዎ፣ በእኔ ጃኬት ላይ።» አክስቴ ጉልበቷን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ይሄ ጉልበት እያለቀለት ነው። ጎማው ጋ ለመድረስ ያንን የብረት ደረጃ መውጣት አለ። ዘንድሮ እወጣዋለሁ። ከርሞ የምወጣው አይመስለኝም። ስለዚህ ዘንድሮ ነው የምወጣው።»

የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። መኪናዋን መልሳ አስነሳች። ማንም ሰው እምቢ ሊላት አይችልም ነበር፤ የባንኩ መጋረጃ መርፌው ሥር እየገባ ነበር፤ እኛም የምንበላው ከዚያ መጋረጃ ነው።

«ጥሩ፣ ትውጣ» አለች እናቴ። «ማን ከለከለ? ትውጣ።» ሶፋው ላይ ያለውን ጨርቅ አጠፈች። «እና ዕቃውን ማን ይይዛል?»

ፍሬቻ ጣሪያውን ማየት ጀመረ፤ ጣሪያው ላይ ምንም የለም። ያን ጊዜ ነገሩ እንዴት እንደተሠራ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ገንዘብ ለመቆጠብ ሁሉን ነገር ከቤት ተሸክመን እንሄዳለን። የተሸከምነው ጠባቂ ይፈልጋል። ቁጠባችን በሙሉ የተገነባው በአክስቴ መቀመጫ ላይ ነው። እሷ ከተነሳች ይፈርሳል።

«አንቺ ትይዣለሽ» አልኳት እናቴን።

«እኔ?»

«እማዬ፣ ጎማው ላይ ከወጣሽበት እስክትወርጂ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው። ጨፍነሽ እዚህ ሶፋ ላይ ብትቀመጪ ልዩነቱ ምንድነው?»

«አየሩ» አለች እናቴ።

ተከራከርን። ፍሬቻ በየተራ እንያዝ አለ፤ የእሱ ተራ መቼ እንደሆነ ሲጠየቅ መብራቱን አጠፋ። በመጨረሻ እናቴ «እሺ፣ ምን ችግር አለ፣ እኔ ልቅር» አለች፤ ይህን ያለችበት ድምፅ ለብዙ ዓመት እንደሚነገረን የታወቀ ነው። እኔም ሕግ አወጣሁ፤ ጭን ላይ የማይቀመጥ ዕቃ ከቤት አይወጣም። ዕቃው ካነሰ ጠባቂውም ይቀላል ብዬ ነው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በቤታችን ራስ መነቅነቅ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ እሺ ማለት አይደለም።

በዕለቱ ጠዋት ፌርማታው ላይ ተገናኘን። ፍሬቻ ታጣፊ ወንበር ይዟል።

«ይሄ ጭን ላይ ይቀመጣል?» አልኩት።

«እኔ እሱ ላይ እቀመጣለሁ። ወገቤን ታውቂያለሽ።»

ክላክስ ሆዷ ላይ የመዋኛ ጎማ አጥልቃለች። መዝናኛው ውስጥ ያለው ውሃ የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው። «ሲሸጡ ባየውስ?» አለችኝ። «ግዙልኝ ብዬ እንዳላስለቅሳችሁ ነው ያመጣሁት።» ከአባቷ ይልቅ እሷ ዕቅድ ታውቃለች።

እናቴ ፎጣ የተጠቀለለበት ድስት ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሁለት ፔርሙስ፣ ምንጣፍ፣ ዝናብ ከመጣ ዣንጥላ፣ ካልመጣ ባርኔጣ፣ እና «ምናልባት» ያለችው አንድ ትልቅ ፌስታል ይዛለች። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ ያን ጊዜ አላወቅኩም። «ጭኔ ላይ ይቀመጣል» አለች። እውነትም አውቶቡሱ ውስጥ ጭኗ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ አልታየችም፤ ድምጿ ብቻ ከክምሩ ኋላ ይመጣ ነበር። ለሹፌሩ፣ ለፍሬቻ ባልደረባ፣ እኔ ሚስት፣ እሷ ልጅ መሆናችን ተነገረው። ወደ ክምሩ ዞር ብሎ አየና «ልጅቷ አድጋለች» አለ።

አክስቴ ባዶ እጇን ነበረች። ከዚያ ሁሉ ጭነት የእሷ አንድም ነገር አልነበረበትም፤ ኮት ኪሷ ውስጥ የተጠቀለለ ሜትር ብቻ ነው ያየሁት። እሱንም ረስታው ነው።

መዝናኛው በየዓመቱ ቀለም በቀለም ላይ ስለሚቀባ ሁሉ ነገር እየወፈረ ሄዷል። የእንጨት ፈረሶቹ ጆሯቸው ከቀለሙ ብዛት ወደ ውስጥ ገብቶ ጉማሬ መስለዋል። የሚጋጩት መኪናዎች የሚጋጩት ሾፌሮቻቸው ስለፈለጉ ሳይሆን መሪያቸው ስለማይሠራ ነው። ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ድሮ ነበረ፤ አሁን ፈንዲሻ ይሸጥበታል። ትልቁ ጎማ መግቢያ ላይ ደግሞ «ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። እንደሚወራው አንድ ሰው ከላይ ሐብሐብ አምልጦት ነው። ሐብሐቡ ሰው አልመታም፤ የሥራ አስኪያጁን መኪና ስለመታ ግን ሕግ ወጣለት።

አክስቴ እስከ ምሳ ድረስ የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ከጎማው ፊት ለፊት ያለችው አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር ላይ። እኛ ፈረሱንም፣ መኪናውንም፣ መስታወት ቤቱንም ዞርን። «ነይ» ስንላት «እኔ ለጎማው ነው የመጣሁት» ትላለች። መስታወት ቤት የገባነው እኔ፣ ፍሬቻና ክላክስ ነን። አክስቴ ቀኑን ሙሉ የመስኮት መስታወት ፊት ስለምትውል ጠገብኩ አለች። እናቴ ያን ሰዓት ሩዙን ታሞቅ ነበር፤ በምን እንደምታሞቀው አትጠይቁኝ። እናም ከመስታወት ቤቱ ኩፖን አንድ ቁራጭ ተረፈች።

ያቺ ቁራጭ ናት ጉድ ያመጣችው።

ከምሳ በኋላ ጎማው ጋ ሰልፍ ያዝን። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሁሉም ሰው እንደ እኛ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ኩፖኑን ሊጨርስ የመጣ ነው። አክስቴ ጉልበቷን እንዳታደክም ተራችን እስኪቃረብ ወንበሯ ላይ ከእናቴ ጋር ትቆይ ተባለ። የቲኬት መስኮቱ አናት ላይ ትልቅ ሰዓት አለ። ሰዓቱን አያለሁ፣ ሰልፉን አያለሁ፣ ወንበሩን አያለሁ፤ ዕቅድ የያዘ ሰው አንገት አያርፍም። በመሃል ሳይ እናቴ መነጽሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ቦርሳውን ለአክስቴ ሰጠች፣ ወደ መስታወት ቤቱም መራመድ ጀመረች።

ከሰልፉ ወጥቼ ሮጥኩ። «እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ይቺ ሳትቀደድ ልትቀር ነው» አለችኝ ቁራጯን እያሳየችኝ። «የተከፈለበት ነው። መስታወት ቤት ምን ይፈጃል? ገብቼ ወጣሁ።»

«መነጽርሽስ?»

«ይሰበርብኝ? እዚያ ውስጥ ሰው ይጋጫል አላላችሁም?»

ልከለክላት እችል ነበር። ግን ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ፍሬቻ ደግሞ ሰው ሲያልፈው «ይቅርታ» የሚል ዓይነት ሹፌር ነው። ተመልሼ ሄድኩ።

መስታወት ቤት ያለ መነጽር የገባች የንብረት ክፍል ኃላፊ መቼ ትወጣለች? በዩኒቨርሲቲ አልተማርኩትም። ሰልፉ አጠረ። እናቴ የለችም። አጠረ። የለችም። ክላክስ «እማማ፣ ነይ፣ ደረሰ» ብላ ስትጮህ ፈንዲሻ የሚሸጠው ሰውዬ ማንኪያውን ጣለ። ከፊታችን የቀሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጎማውን የሚያስነሳው ሰውዬ ወደ ሰዓቱ አየና ወደ እኛ ዞረ።

«አራት ናችሁ?»

«አራት ነን» አልኩ።

«ሦስት ነው የማየው።»

«አንዷ እየመጣች ነው።»

«ይሄ ዙር ካለፈ በኋላ ኩፖን አልቀበልም። በሙሉ ዋጋ ነው።»

ወደ ወንበሩ አየሁ። አክስቴ ወደ መስታወት ቤቱ በር አየች። ማንም አልወጣም። ወደ ክምሩ አየች፤ ድስቱን፣ ታጣፊ ወንበሩን፣ የክላክስን የመዋኛ ጎማ፣ ያንን የማይታወቅ ፌስታል። ከዚያ የብረት ደረጃውን አየች። እናቴ የሰጠቻትን ቦርሳ ከጭኗ አንስታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፣ ባርኔጣውን ከላይ ደፋችበት፣ ተነሳች፣ ኮቷን አራገፈች፣ መጣች።

አንድ እጇን መወጣጫው ብረት ላይ አድርጋ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች። ፍሬቻ ፊቱ ልብስ ታጥቦበት እንዳለቀ ሳሙና ሆነ።

«ዕቃውስ?» አላት።

«ተቀምጧል።»

«ማን ጋ?»

«ከራሱ ጋ» አለችና ገባች።

የጎማው ሳጥኖች ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መቀመጫ አሏቸው። አክስቴ ጀርባዋን ለወንበሩና ለዕቃው ሰጥታ ከእኔ ጋር ተቀመጠች፤ ፍሬቻና ክላክስ ዕቃው በሚታይበት በኩል ተቀመጡ። ጎማው አሮጌ የውሃ ፓምፕ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ አውጥቶ አነሳን። ፍሬቻ በሕይወቱ እንዲህ ተጠንቅቆ መንገድ አይቶ አያውቅም።

«አንድ ሰውዬ መጣ» አለ። «ዕቃችን ጋ ቆመ።»

«ይቁም» አለች አክስቴ። እሷ የምታየው ሌላ ነው። ከዛፎቹ በላይ ስንወጣ ከተማው ወጣ። ጣሪያ፣ የውሃ ታንከር፣ የተሰጣ ልብስ፣ ሕንጻ። አገጯን ወደ ፊት ቀስራ መስኮት በመስኮት ትመረምር ጀመር።

«ጎንበስ አለ» አለ ፍሬቻ።

«ያ ክሊኒኩ ነው» አለች አክስቴ። «ቢጫው የእኔ ነው። ከውጭ አይቼው አላውቅም።»

«ድስቱን ነካ። እናቴን፣ ድስቱን ነካ።»

«ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለውን አየሽው? ጠርዙ ተንጋዷል።»

«አላየሁም» አልኳት።

«እኔ አይቼዋለሁ። ከውስጥ ቀጥ ያለ ነበር፤ ዶክተሩ ፊት ቆሜ ቀጥ ነው ብዬዋለሁ።» ተናደደች፤ ግን ዓይኗን አላነሳችም። ሜትሯን ከኪሷ አወጣች፣ ከዚያ ርቀት ምን እንደምትለካ እግዜር ይወቅ፣ ተመልሳ ከተተችው።

ፍሬቻ ልጁን ጎሰም አደረገ። «ጩሂ።»

ክላክስ ለዚህ ነው የተፈጠረችው። «ሌባ» ብላ ስትለቀው ጎማው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ኪሱን ዳበሰ። ከታች ብዙ ሰዎች ቀና ብለው እጃቸውን አውለበለቡላት። ሰውዬውም አውለበለበ። በጣም ደስ የሚል ሰው ይመስል ነበር።

«ሌላም መጣ» አለ ፍሬቻ ድምፁ ተሰብሮ። «ሁለተኛ ሰው። ሴትም አለች። ቡድን ናቸው።»

«ፍሬቻ» አለች አክስቴ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አንተ ድስቱን የምትወደው እንደዚህ ከሆነ ለምን አንድ ቀን አልያዝከውም?»

ፍሬቻን ሲወርድ አስመለሰው። በራሱ ጃኬት ላይ።

ከደረጃው የወረደው በሩጫ ነው። እኛ ስንደርስ ወንበሩ አጠገብ ቆሞ አፉን ከፍቶ አገኘነው። ከዕቃችን የጎደለ ነገር አልነበረም። ባርኔጣው እንኳን አልተነቃነቀም። ይልቁንም ዕቃችን ወልዷል። ድስታችን አጠገብ የማናውቀው ድስት ተቀምጧል። የሕፃን ጋሪ አለ፣ ባዶ። አንድ ጥቁር የጀርባ ቦርሳ፣ በሥርዓት የተደረደሩ ሦስት ጥንድ ጫማዎች፣ ጊታር። ያ የሚያውለበልበው ሰውዬ፣ መላጣ፣ ቲሸርቱ ላቡን የጠጣ፣ ወደ አክስቴ ተጠጋና ጎንበስ አለ።

«ጠባቂዋ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«የምኑ?»

«የዕቃው። ተቀምጦ ስናይ፣ ጠባቂ አለ ብለን እኛም የእኛን አስጠጋን። ድስትዎ ሊዘም ነበር፣ አቃናሁልዎት።»

አክስቴ ሰውዬውን አየችው። ክምሩን አየች። ጊታሩን አየች። ደስ ይላታል፣ ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም።

«ማንም አይነካውም» አለች። ለሰውዬው አይደለም የተናገረችው፤ ለማንም አይደለም። «ትቼው ሄድኩ፤ ማንም አልነካውም። ይሄን ድስት። ክዳኑ የማይገጥም ድስት። እጀታው በሽቦ የታሰረ። ይሄን ማን ይሰርቃል? ይሄን ነው እኔ ስጠብቅ የኖርኩት?»

ፍሬቻ «እንግዲህ እንኳን አልጠፋ...» ሊል ጀመረ፤ አየችው፤ ተወው።

እናቴ ከመስታወት ቤቱ የወጣችው ያን ጊዜ ነው። ግንባሯ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቶባታል። የመዝናኛው ዘበኛ ክንዷን ይዞ እየመራት ነው፤ እሷ ደግሞ ወደኋላ እየዞረች ትሳደባለች።

«እንዲህ ያለች ባለጌ አይቼ አላውቅም» አለች ስትደርስ። «በግራ ልለፍ ስል በግራ፣ በቀኝ ልለፍ ስል በቀኝ። እህቴ፣ አሳልፊኝ አልኳት። አፏን እያንቀሳቀሰች ታሾፍብኛለች። ልብሷ ደግሞ የሚያሳፍር።»

ክላክስ ልትናገር ስትል አፏን ያዝኩት።

እናቴ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች። መጀመሪያ ያየችው አክስቴን አልነበረም፣ እኔንም አልነበረም። ክምሩን ነው።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አለች። ቀጥላ፣ ዓይኗ ትንሽ እየጠበበ፣ «ማን ፈቅዶ ነው ያስቀመጠው?»

አክስቴ ወደ መላጣው ሰውዬ ዞረች። ከኋላው የጊታሩ ባለቤትና ሁለት ባዶ እግራቸውን የቆሙ ሴቶች ነበሩ።

«ጠባቂዋ እህቴ ናት» አለቻቸው በጣቷ እያሳየች። «እዚህ ትቀመጣለች፤ የፈለጋችሁትን አስቀምጡ።» ከዚያ ድምጿን አለሰለሰች፤ ያንን የበሽተኛ መጠየቂያ ድምፅ። «ጎማው ላይ አትወጣም። ከፍታ ትፈራለች።»

«አይ፣ ምስኪን» አሉ ሴቶቹ።

እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ በበኩሏ ከኮቷ ኪስ ከሜትሩ ጋር የተጠቀለለ ብር እያወጣች ወደ ቲኬቱ መስኮት ማዝገም ጀምራለች።

ተከትያት ሄድኩ። «አክስቴ፣ አሁን እኮ ሙሉ ዋጋ ነው። ዕቅዱ ውስጥ የለም።»

«አንቺ ሂሳብሽን እዚያው ያዢ። ገንዘቡ የእኔ ነው።»

«አሁን ወርደሽ አሁን ምን ልታዪ ነው?»

«ያየሁት በአንድ በኩል ያለውን ነው። ሌላ በኩል አለው።» ሁለት ቲኬት ገዛች። አንዱን ሰጠችኝ። «ክንድሽን ስጪኝ፤ ደረጃው ላይ ያስፈልገኛል።»

ሰጠኋት። በዚህኛው ዙር ደረጃው ረጅም ሆነባት፤ ሁለት ቦታ ቆመን ተነፈስን፤ ጎማውን የሚያስነሳው ሰውዬም ሰዓቱን ሳያይ ጠበቀን። ከገባን በኋላ ፍሬቻ ተቀምጦ በነበረበት በኩል ተቀመጠች፤ ወንበሩ በሚታይበት በኩል።

ጎማው ቀስ ብሎ አነሳን። ወደ ላይ ስንሄድ ከታች የሚመጣው የፈረሶቹ ሙዚቃና የክላክስ ድምፅ ብቻ ነበር። ዞረን ዝቅ ስንል ደግሞ ጥርት ብሎ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ቦርሳው ያንተ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ውስጡ ምን አለ?»

«ልብስ» የሚል የወንድ ድምፅ።

«ምን ዓይነት ልብስ? ሁሉም ሰው ልብስ ነው የሚለው።»

ወደ ላይ ወጣን። አክስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወደ ታች ታያለች። መጋረጃ አልፈለገችም፣ መስኮት አልቆጠረችም። ዞረን ወረድን።

«ጋሪው ላይ ጭረት አለ፤ ስታስቀምጡት ነበረ? አይ፣ ቆይ፣ አንተ ፈርም። እስክሪብቶ አለህ?»

ያ የማይታወቅ ፌስታል ተፈትቷል፤ እናቴ ከውስጡ ወረቀት አውጥታ ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ከፊቷ ሰልፍ ተሠርቷል። ፍሬቻ ታጣፊ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጃኬቱን በውሃ ያሻል፤ ክላክስ የመዋኛ ጎማዋን አጥልቃ ሰልፉን በድምጿ ታስተካክላለች።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ጎማው ለአፍታ ቆመ፤ ከታች ሰው እያስገቡ ነው። አክስቴ እጇን አወጣችና ለእናቴ አውለበለበች። ጥቂት ጠበቀች። ደግማ አውለበለበች።

እናቴ ቀና አላለችም። መላጣውን ሰውዬ ካልሲ ስንት እንደሆነ እያስቆጠረችው ነበር።